ደንገጎ ላይ ኳ የሚል ሃይሉክስ፦ ቦል ጆይንቱ ይቀየር ወይስ ይጨመቅ?

የክሩ፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱ፣ ከፋች ድሬዳዋ ነው ያለው። መኪናው የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ ፊቱ በቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ በሚያገለግል ዘንግ) የቆመ አሮጌ ሃይሉክስ፣ ኤል ኤን 85 ነው፤ ከአወዳይ ድሬዳዋ ጫት ያመላልሳል። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ መታጠፊያው ላይ ከፊት ቀኝ በኩል ኳ ይላል፣ ሜዳው ላይ መሪው ይዋልላል፣ የቀኙ ጎማ በውስጥ በኩል ተበልቷል። ቦል ጆይንት ጎማውን የያዘውን ናክል ከላይኛውና ከታችኛው አርም (ክንድ) ጋር የሚያገናኝ፣ ኳስ በሶኬት ውስጥ የሚዞርበት መጋጠሚያ ነው። አንዱ ጋራዥ አራቱም ቦል ጆይንት ይቀየር ብሏል። ሌላው የቀኙን ታችኛ ብቻ አውጥቶ በፕረስ ጨምቆ፣ ግሪስ ሞልቶ እንደሚመልሰው ቃል ገብቷል። ጠያቂው ማንን ልስማ ነው የሚለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው አንድ ነገር በእርግጠኝነት ጨመረ፤ ቦል ጆይንቱን የበላው የጫት ጭነት ነው አለ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ኋላ ብዙ አናገረች።

መልስ 1 ሰላምታውን አቅርቦ በአጭሩ አለፈ። የታችኞቹ ሁለቱ አንድ ላይ ይቀየሩ፣ የላይኞቹ ካልላሉ ይቆዩ። ቀኝና ግራ የሄዱት ያው ኪሎ ሜትር ነው፤ ዛሬ አንዱን፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላውን መፍታት ለአላይመንት (ለጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

መልስ 2 መልስ አልሰጠም፣ ጠየቀ። መኪናው ሲፈተሽ ክሪኩ የት ነበር? ቴላዮው (የመኪናው የብረት አጽም) ሥር ከነበረ የሁለቱም ጋራዥ ፍርድ አይታመንም ባይ ነው፤ ለምን እንደሆነም አስረዳ። በዚህ ሞዴል ቶርሽን ባሩ የሚገፋው የታችኛውን አርም ስለሆነ የፊቱን ክብደት የሚሸከመው የታችኛው ቦል ጆይንት ነው። የላይኛው ጎማውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው ሥራው። ቴላዮው ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል ቶርሽን ባሩ አርሙን ወደ ታች መግፋቱን ስለማይተው ኳሱ ሶኬቱ ውስጥ እንደተወጠረ ይቀራል፤ ያለቀው ጤነኛ መስሎ ይታያል። ክሪኩ ከታችኛው አርም ሥር፣ የተቻለውን ያህል ለቦል ጆይንቱ ቀርቦ ገብቶ ጎማው ከመሬት 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ ግን ውጥረቱ ይለቃል። ያኔ ረጅም ብረት ጎማው ሥር አስገብቶ ወደ ላይ መፈንቀል ነው፤ አንዱ ሲፈነቅል ሌላው ጎንበስ ብሎ በአርሙና በናክሉ መካከል ያለውን ርቀት ያያል። ባለ ማግኔት ዲያል ጌጅ ካለ ልቅነቱ በሚሊ ሜትር ይነበባል። ስንት ሲደርስ ይጣላል የሚለውን የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይናገራል፤ ሸካሚው ላይ ጥቂት ልቅነት የሚፈቅዱ ፋብሪካዎች ስላሉ ነቅነቅ ያለ ሁሉ አልቋል ማለት አይደለም። ቶርሽን ባሩ የላይኛውን አርም በሚገፋባቸው መኪኖች፣ የዚያ ዘመን ባለ አራት ጎማ ነጂው የቶርሽን ባር ሃይሉክስ አንዱ ነው፣ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሸካሚው የላይኛው ይሆናል፣ ክሪኩም ቴላዮ ሥር ይገባል።

ክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጠያቂው ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። መልስ 3 ሌላውን ሩብ ጨመረለት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲያወዛውዙት የሚሰማው ልቅነት የቦል ጆይንትም የጎማ ኩሽኔታም ሊሆን ይችላል፤ መለያው ፍሬን ነው። አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ። ፍሬን ሲያዝ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም የአርሙ ቡሽንግ (የመገጣጠሚያው ላስቲክ) ነው። ጎማውን በቀኝና በግራ ጎኑ ይዞ ሲያወዛውዙት ብቻ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ታይሮድ (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ይፈለግ።

መልስ 4 ያው ችግር ፊቱ በባሌስትራ የቆመው ባለ አራት ጎማ ነጂ ኤል ኤን 106 ላይም እንዳለ፣ ለዚያም የአራት ቦል ጆይንት ዋጋ እንደተጠየቀ ጻፈ። መልስ 5 አልማረውም። ፊቱ ድፍን አክስል የሆነ መኪና ቦል ጆይንት የለውም፣ የሌለ ዕቃ ዋጋ የሚጠራ ጋራዥ ደግሞ መኪናውን አላየውም አለ። ቃሉ ስለታም ቢሆንም ዕውቀቱ ልክ ነበር፦ በዚያ አክስል ናክሉ የሚዞረው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ልቅነቱ የሚስተካከለው ከክዳኖቹ ሥር በሚገቡ ሺሞች (ስስ የብረት ቁርጥራጮች) ሲሆን ውጥረቱ የሚለካው የመሪውን ክንድ ጫፍ በስፕሪንግ ሚዛን በመሳብ ነው። ላንድ ክሩዘር 75ም፣ ፊቱ በኮይል ስፕሪንግ የተተካው 79ም እንዲሁ ናቸው። ግሪሱ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ከናክሉ ኳስ ላይ እየወረደ ከሆነ የውስጡን ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ) አልፎ የዲፈረንሺያል ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል፤ ኩሽኔታ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ያን ጊዜ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

መልስ 6 ሁለቱን አረጋጋ። ወንድሞቼ ብሎ ጀምሮ፣ መልስ 4 የተሳሳተው በስሙ እንጂ በችግሩ እንዳልሆነ ጠቆመ። ኩሽኔታዎቹም ሲላሉ ፊቱ ኳ ይላል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል።

ወደ ጫት ጭነቱ የመለሰን መልስ 7 ነው። ጭነቱ የሚያርፈው ኋለኛው አክስል ላይና ከእሱ ኋላ ነው። ከአክስሉ ኋላ የተንጠለጠለ ጭነት ፊቱን ያነሣዋል እንጂ አይጫነውም፤ መሪው የሚዋልለውም በከፊል ለዚህ ሊሆን ይችላል፣ ፊቱ ቀሎ ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይነክስ። ታዲያ የፊቱን ቦል ጆይንት ማን በላው? ፍጥነት፣ ፍሬንና አቧራ ይላል። ከሐረር ድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ደንገጎ ላይ በየመታጠፊያው ፍሬን ሲረገጥ ክብደቱ ወደ ፊት ይወረወራል። ሐሮማያና አወዳይ ውስጥ ያሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ሳይቀንሱ መዝለልም አለ፤ ጫት ሲጠወልግ ዋጋው ስለሚወድቅ ሹፌሩ አይቀንስም። ሦስተኛው ኩፊያው፣ ቦል ጆይንቱን ከአቧራ የሚከልለው የላስቲክ ሽፋን ነው። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አንዴ በተቀደደ ኩፊያ ከገባ ግሪሱ ውስጥ የወፍጮ ሥራ ይሠራል።

መልስ 8 በዚህ ላይ የጨመረው ከሁሉም ይልቅ የሚረሳውን ነው፣ ቶርሽን ባሩን አጥብቆ ፊቱን ማስነሣት። ኋላው በተጨማሪ ባሌስትራ ከፍ ሲል ፊቱም እንዲመጣጠን ይጠበቃል። አርሞቹ ወደ ታች ባዘነበሉ ቁጥር የኳሱ ዘንግ ወደ ሶኬቱ ጠርዝ ይጠጋል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ጠርዙን ይመታል፣ ኩፊያውም ተወጥሮ ይቀደዳል። አዲስ ቦል ጆይንት ገጥሞ ከፍታውን እንዳለ መተው አዲሱንም ባጭር ጊዜ መጨረስ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሞቀ። መልስ 9 መጭመቁን ደገፈ። ለአሮጌ ሞዴል ዕቃ እንደልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው፣ ጋራዡ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው፤ ሶኬቱ በፕረስ ትንሽ ሲጠብ ልቅነቱ ይጠፋል፣ ግሪስ ኒፕል (ግሪስ የሚገፋበት ጡት) ሲበጅለት ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል። መልስ 10 ያላንዳች ሰላምታ ገባ። ኳሱ ሲያልቅ ዙሪያውን እኩል አያልቅም፣ ክብደቱ ባረፈበት ጎን ይጠፈጥፋል። ሶኬቱ ሲጨመቅ ኳሱ መሪው ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ይጠብቃል፤ መሪው ሲዞር ግን ያላለቀው የኳሱ ጎን ወደ ጠበበው ሶኬት ይመጣና ይነክሳል። የነከሰ ኳስ ዘንጉን ያጥፈዋል፣ የታጠፈ ዘንግ ይሰነጠቃል። የውስጡ ፕላስቲክ ከሆነማ ጨርሶ የሚጨመቅ ነገር የለም፤ ፈርፍሯል። ብየዳ የሚነካካበት ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ በሙቀት የጠነከረውን ብረትም ያለሰልሳል። የታችኛው ሲነቀል ጎማው ከመከላከያው ሥር ይተኛል፣ መሪም ፍሬንም ዋጋ የላቸውም፤ ደንገጎ ላይ ከሆነ ቀሪውን ገደሉ ይጨርሰዋል። ይህን የሚመክር ሰው ቁልፍ ሊይዝ አይገባም ብሎም ደመደመ። እዚህ ላይ ትንሽ አለፈ።

መልስ 11 ረጋ ብሎ መልስ 9 ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ገመተ፣ ግምቱም የሚያሳምን ነው። በድፍን አክስል መኪኖች ላይ ከመሪው ሳጥን ወደ ናክሉ የሚሄደው ዘንግ ጫፉ ላይ በጥርስ የሚገባ ክዳን አለው። ውስጡ ስፕሪንግና ሁለት የብረት መቀመጫዎች አሉ፤ ክዳኑ ይጠብቃል፣ ጥቂት ይመለሳል፣ በኮፒሊያ (ዳዶ ወይም ክዳን እንዳይፈታ በሚያግድ የሽቦ ፒን) ይቆለፋል። ፋብሪካው ራሱ እንዲጠብቅ የሠራው ነው። ልማዱ ከዚያ ወጥቶ ክዳኑ ወደተዘጋው ቦል ጆይንት የተሻገረ ይመስላል። ለንጽጽርም አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ በ2005 እ.ኤ.አ. በታችኛው ቦል ጆይንት ምክንያት ከ700,000 በላይ ፒካፖችና ሌሎች መኪኖች መልሶ እንደጠራ አስታወሰ፤ እነዚያ እኮ አዲስ ነበሩ አለ።

መልስ 12 ለሚጨመቀው ቦል ጆይንት ጸሎት እንዲጨመርበት ብቻ ጻፈ። መልስ 13 ሳቀ።

ከሐረር የመጣው መልስ 14 ክርክሩን ዘሎ አሠራሩን ዘረዘረ፤ እኔም እሱን ላስፋው። ማታውን ዳዶዎቹና ቡሎኖቹ ላይ የዝገት ማላቀቂያ ይረጫል። ጠዋት የኋላ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይታገዳሉ፣ የጎማ ዳዶዎቹ መኪናው መሬት ላይ ሳለ በባለ 21 ቁልፍ ይላላሉ። ከዚያ ቴላዮው ተነሥቶ በብረት ድጋፍ ላይ ያርፋል፤ ክሪክ ብቻ አምኖ ሥሩ መግባት የለም። የቶርሽን ባሩ ማስተካከያ ቡሎን ጥርሱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ በሁለቱም ጎን ይለካና ቴላዮው ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ ይህ ካልተደረገ ከፍታውን መመለስ ግምት ይሆናል። ከተለካ በኋላ ቡሎኑ ይላላል፣ ውጥረቱ ይወጣል። የፍሬን ካሊፐሩ ተፈትቶ በሽቦ ይታሰራል፣ በጎማ ቱቦው አይንጠለጠልም። ክሪኩ አሁን የታችኛውን አርም ይደግፋል።

ኮፒሊያው ይወጣል፣ የዘንጉ ዳዶ እንደ ሞዴሉ በባለ 22 ወይም በባለ 24 ይፈታል፤ ጨርሶ ግን አይወጣም፣ ሦስት ወይም አራት ጥርስ ይቀራል። ዘንጉ ሲላቀቅ በድንጋጤ ይዘላልና አርሙን የሚይዘው ያ ዳዶ ነው። ማላቀቂያ መሣሪያ ከሌለ ሁለት መዶሻ ይበቃል፦ አንዱ ከናክሉ ዓይን (ዘንጉ ከሚገባበት ቀዳዳ) ጎን እንደ ሰንደን ይደገፋል፣ ሌላው ከተቃራኒው ጎን ዓይኑን ይመታል። የሚመታው ዘንጉ ሳይሆን ዓይኑ ነው፤ ዓይኑ ለቅጽበት ሲለጠጥ ሾጣጣው ይለቃል። ከተላቀቀ በኋላ ቦል ጆይንቱን ከአርሙ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ይፈታሉ፣ አዲሱ በቦታቸው ይታሰራል።

መልስ 15 አራት ነገር አከለ። ሹካ የሚመስለው ማላቀቂያ ኩፊያውን ስለሚቀድ ለሚጣለው እንጂ ለሚመለሰው አይሆንም። ሾጣጣው ላይ ግሪስም ዘይትም አይቀባም፤ በደረቁ ነው የሚነክሰው። ከመታሰሩ በፊት አዲሱ ዘንግ ላይ በእርሳስ ዐራት አምስት መስመር ተሠምሮ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ይሽከረከር፤ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ከጠፋ ዓይኑ ደህና ነው፣ በአንድ በኩል ብቻ ከጠፋ ዓይኑ ሞላላ ሆኗልና ናክሉ ይቀየራል። ዳዶው ሲታሰር የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ይጠብቃል እንጂ አይመለስም። ኃይሉን በሚመለከት የዚህ መጠን ፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ኒውተን ሜትር መካከል ነው፤ ትክክለኛው ከመጽሐፉ ይወሰድ። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን።

መልስ 16 ስለ ቡሎን ጥራት ብቻ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው ቡሎን ከጠፋ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገዛው አይተካውም፤ ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው፣ 8.8 ወይም 10.9፣ የተቀረጸበት ይፈለግ። በሪቬት ተመትቶ ከፋብሪካ የወጣ ሞዴልም አለ፤ ሪቬቱ መሐሉ ተበስቶ ይወጣና በቡሎን ይተካል። በፕረስ ወደ አርሙ የሚገባው ዓይነት ደግሞ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ በእጅ ተገፍቶ ከገባ የአርሙ ቀዳዳ ሰፍቷል ማለት ነው፣ አርሙ ይቀየራል። ነጥብ ነጥብ በየዳ አድርጎ ማስቆም እንደ መልስ 9 መንገድ ነው ብሎ ጎሸመው።

ዕቃውን በሚመለከት መልስ 17 የጃፓኑን 555ና የኮሪያውን ሲ ቲ አር መከረ፣ ሁለቱም ግን አስመስለው የሚሠሯቸው ስለበዙ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ማየት እንደሚሻል አሳሰበ። ዘንጉ በእጅ ሲንቀሳቀስ ከብዶ ግን ሳይቆራረጥ መዞር አለበት፤ ላላ ብሎ የሚወድቅ ወይም እየተንገጫገጨ የሚሄድ ይመለስ። ርካሽ ካስፈለገ የታይዋን ሥሪት ለጊዜው ያገለግላል አለ። መልስ 18 ታይዋን ሲል አገሩን ነው ወይስ ድሬዳዋ ያለውን ገበያ ብሎ ጠየቀ፤ ሁለቱም ቦታ የተሠራ አይቻለሁ የሚል መልስ አገኘ።

ክሩ ከዚህ በኋላ ለሁለት መልስ ያህል ጠፋ። መልስ 19 ቡሎን የሚለው ቃል ድሬዳዋ የገባው በባቡሩ፣ ከፈረንሳዮቹ ጥገና ቤት እንደሆነ ተከራከረ፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ነውና ለገሃርም ከዚያው ነው። መልስ 20 ታዲያ ቡሎኑ ከፈረንሳይ መጥቶ ዳዶው፣ ባሌስትራው፣ ኩሽኔታውና ካቻቢቴው ለምን ከጣሊያን መጡ አለ። ለኔ መልስ 20 ያሸነፈ ይመስለኛል፤ ክሪክ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ስለሆነ ለማንም አልፈረደም።

በመልስ 21 ጠያቂው ተመለሰ። ክሪኩ አርሙ ሥር ገብቶ ሲፈተሽ የቀኙ ታችኛ በግልጽ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቃነቃል፤ የላይኞቹ ሁለቱም ደህና ናቸው። የግራው ልቅነት ፍሬን ሲረገጥ ጠፍቷል። ስለዚህ የሚገዛው ሁለት የታችኛ ቦል ጆይንት ሆነ፤ የግራው ጎማ ኩሽኔታ ደግሞ ታጥቦ፣ ታይቶ፣ ግሪስ ተሞልቶ ዳዶው ይስተካከላል። አራቱም ይቀየር ያለው ጋራዥ ሁለቱን ያለ ጥፋታቸው ሊጥላቸው ነበር፤ ልጭመቀው ያለው ደግሞ ቢያንስ ጎኑን አልሳተም።

መልስ 22 ስለ ግሪሱና ስለ አላይመንቱ ነበር። ኒፕል ካለው በቀስታ ይገፋ፣ ኩፊያው ትንሽ ሲነፋ ይቁም፤ እስኪፈነዳ የሚገፋ ሰው አዲሱን ኩፊያ ራሱ ቀዶታል። ኒፕል የሌለው፣ የታሸገው፣ አይበሳ። በዚህ አቧራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መጨመር ይበጃል። ቶርሽን ባሩ በጠመኔ ወደተጻፈው ልክ ተመልሶ፣ የጎማ ንፋስ ተስተካክሎ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ተነድቶ እስኪረጋጋ አላይመንት አይለካ። እስከዚያ ድረስ በሲባጎ ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በመሐላቸው ቁመት ያላቸውን ርቀት መለካት ይቻላል፤ የፊቱ ከኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከጠበበ እስከ ማሽኑ ድረስ ያደርሳል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹ ዳግም ይፈተሹ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። መልስ 10 የወጣው የቀኙ ቦል ጆይንት በግራይንደር ለሁለት እንዲቆረጥና ውስጡ እንዲታይ ጠየቀ። በመልስ 23 ጠያቂው ቆርጦ ምን እንዳለ ጻፈ፦ ኳሱ በአንድ ጎኑ ጠፍጥፏል፣ ዙሪያው በዝገት ተቦርቡሯል፣ የፕላስቲኩ መቀመጫ ፍርፋሪ ብቻ ነው፣ ግሪሱ በአሸዋ ጠጥሮ ጭቃ መስሏል።

መልስ 24 የመልስ 9 ባለቤት ነበር። ኩፊያው ከመጀመሪያው ተቀዶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ተቀዶ ነበር።